የስመኝ ሁለት

ቡሬ፣ ሐምሌ መጨረሻ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣
ላፕቶፔን ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ ልመዘግብ።
ከባንኩ የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦
«የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከሺህ ወደ መቶ ብር ዝቅ ብሏል፤
በሟች ስም ያለው አርባ፣ አራት መቶ ተደርጓል።»

ወንድሜ አንሙት ወሬውን ሰምቶ
ከመናኸሪያ መጣ ሥራውን ትቶ።
«አሥር እጥፍ ሆንን!» አለኝ ገና ከበር፣
ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ሳይቀመጥ ከወንበር።
«ቀስ በል» አልኩት፤ «ድፎ አሥር ቦታ ቢቆረስ
ዱቄት ይጨምራል? ወይስ
ቁራሹ ብቻ ነው የሚያንስ?»

ፕሮግራሙም እንደ አንሙት ቸኩሎ፣
ሦስት መቶ ስልሳውን «ግዥ» ብዬ ባስገባው
«በዜሮ ብር የተገዛ» ብሎ
ትርፍ አስመስሎ አረንጓዴ ቀባው።
አጠፋሁት።
ዋጋውን ብቻ ብለውጠው ደግሞ በቀይ ጮኸብኝ፤
«ዘጠና በመቶ ከሰርሽ» አለኝ።
የእራቱን ሳህን ሳላነሳ
ሀብታምም ደሀም ሆንኩ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ።

መብራት ሄደ። መጣ። ደግሞ ሄደ።
ስመለስ ትክክለኛዋን ቦታ አገኘኋት፣
«ክፍፍል» የምትል፤ አንድ ለአሥር ብዬ ሞላኋት።
ቁጥሩ ተባዛ፣ የአንዱ ዋጋ ተካፈለ፣
ድምሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለ።

አሁን አንድ ባዶ ሳጥን ቀረ፦ «የተገዛበት ዋጋ ስንት?»
ይህን ባንኩም አልጻፈው፤ ያለው አባባ ደብተር ውስጥ ነው፣ ከአልጋው ሥር ካርቶን ቤት።

አባባ ይስማው በርበሬ ነጋዴ ነበር፤
ደብተሩ ዛሬም ሲገለጥ ያስነጥሳል፣
በየገጹ ጥግ ቀይ የጣት አሻራ ይታያል።
«አርባ አክሲዮን፣ አርባ ሺህ። የአገልግሎት አምስት በመቶ፣ ሁለት ሺህ።
ከዳማዋ በቅሎ፣ አሥራ ሁለት ሺህ።
ከባሕር ዛፉ፣ ዘጠኝ ሺህ።
ከበርበሬው፣ አሥራ ስምንት ሺህ ከዘጠኝ መቶ።
ከስመኝ፣ ሁለት ሺህ ከመቶ።»

ስመኝ! የጓሮውን ቤት ተከራይታ አረቄ የምታወጣ፣
ፊርማ ስትጠየቅ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ የምትመጣ።

«ብድር ነው» አለ አንሙት፤ «ምን አለበት፣ እንመልስላት፣
ነገ ቆጥረን እንስጣት።»
ጣቴን ከመቶዋ ላይ አላነሳሁም።
«ሰው ሲበደር ደፍኖ ነው፤ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ይላል።
በብድር ላይ ይቺን መቶ ማን ይቀጥላል?
የሁለት አክሲዮን አገልግሎት ስንት ነው? አስላው።»
አሰላው።
መቶ።
ረጅም ጊዜ ዝም አለ አንገቱን ደፍቶ።

ከዚያ፣ «ይሁን። ሁለት ከነበራት ሁለቱን ትውሰድ።»
«የኛው አሥር አሥር ሲወልድ
የሷ መካን ነው? ሁለቱ ዛሬ ሁለት መቶ ብር ነው፤
የሳምንት ማገዶዋን እንኳ አይገዛው።
ድፎው ሲቆረስ
ቢላዋው የሷን ጥግ ዘሎ ነው የሚመለስ?»

አልመለሰልኝም። አዲስ መዝገብ ከፈትኩ፣ ስሟን ጻፍኩ፤
ሃያ፣ አንዱ በመቶ አምስት። አረጋገጥኩ።
ለኛ ሦስት መቶ ሰማንያ ቀረ፤
አርባ ሁለት ሺሁ ግን አንድ ሳንቲም አልተሰወረ።

ታች «ማስታወሻ» የምትል ጠባብ ሳጥን አለች።
እናቴ ከበቅሎዋ በኋላ ስንት ዓመት በእግሯ ገበያ ሄደች?
ልጽፈው ጀመርኩና ፊደሉ አለቀብኝ፤
«በቅሎ» ብዬ ተውኩት። ይበቃል መሰለኝ።

አንሙት ተነሣ፤ ጃኬቱ አሁንም አልደረቀም፤
ጃንጥላዬን ወስዶ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ምንም አልተናገረም።
በዝናቡ መሐል በር ሲያንኳኳ ሰማሁ፣ ደጋግሞ፤
«እትየ ስመኝ! ሃያ አለሽ!» አለ ጭቃው ላይ ቆሞ።

ከውስጥ፣ በእንቅልፍ ድምፅ፦
«ሃያ ምን?»